ጣርማ በርን የሚያቋርጠው የደሴ መንገድ

ከአዲስ አበባ ደሴ ያለው አስፋልት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰሜን ሸዋን አቋርጦ ወሎ ይገባል። ከደሴም አልፎ በወልድያና በአላማጣ አድርጎ መቀሌ ይደርሳል። ለእኔ ግን የዚህ መንገድ ልቡ ጣርማ በር የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ነው።

እስከዚያ ድረስ ጉዞው ቀላል ነው። ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን ያልፉና 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ይገባሉ። አገሩ ሜዳ ነው፤ ገብስ፣ በግና ብርድ። ከከተማው ወደ ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ አንኮበር ያደርሳል። ቀጥ ብለው ከሄዱ ግን ደጋው ድንገት ያልቅና ከፊት ገደል ይመጣል።

ይህ ገደል በ1928 ዓ.ም ጦር አስቁሟል። የጣሊያን ወራሪ ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የዘመተው በዚሁ መስመር ነው፤ መንገዱ ያኔ የአፈር ነበር። ጣርማ በር ላይ ወገኖቻችን መንገዱን ንደው ስለጠበቁት ያ ሁሉ መኪና ተደርድሮ ቆመ። ወታደሩ ድንጋይ ተሸክሞ እስኪጠግነው ድረስ አላለፈም። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያኖች መንገዱን በደንብ የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ከምጽዋና ከአስመራ የሚመጣው ጦርና ስንቅ መሐል አገር የሚደርስበት መስመር ያስፈልጋቸው ነበርና ተራራውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ፈለፈሉት። ዛሬም ብዙ ሰው «የሙሶሎኒ ዋሻ» ይለዋል።

ዋሻው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በክረምት ጉሙ አፉ ድረስ ይመጣል፤ ሾፌሩ ገና ሳይገባ መብራቱን ያበራል። ውስጡ ጨለማና ጠባብ ስለሆነ ከፊት ከባድ መኪና ሲመጣ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል። ጉም በሌለበት ቀን ከጠርዙ ሲያዩ ቆላው እግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ጭላዳዎችም ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ሲነጩ ይገኛሉ።

ከዚያ ቁልቁለት ነው። ጆሮ ይደፈናል። ደብረ ሲና ላይ መኪናው ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱ ሥር ይደርሳሉ። የደብረ ሲና ቆሎ ሳይገዙ ማለፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስቆጫል። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ጋቢው ይወልቃል፤ ሙቀት፣ ሽንኩርትና ማንጎ ነው። ጥቂት አልፎ ሰንበቴ አለች። እሑድ እሑድ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት ገበያዋ ስመ ጥር ነው። አጣዬ፣ ከሚሴና ሐርቡ ይከተላሉ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንገዶቹ ጠጋኝ አጥተው ተጎድተው ነበር። በ1943 ዓ.ም የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። የጭነት መኪናው የበዛው ግን በአሰብ ወደብ ምክንያት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ሚሌ የሚገነጠለው መንገድ አሰብ ያደርስ ነበር። በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ ጉዞ ቀረ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ ጦርነት በዚሁ አስፋልት እስከ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ብዙ ሰው አፈናቅሏል።

ከኮምቦልቻ ደሴ የቀረው 20 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ግን የሐረጎ ዳገት መሐል ላይ አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ኮምቦልቻ ከታች ቀስ በቀስ ታንሳለች። ሞተሩ ያቃስታል፣ ብርዱ ይመለሳል፣ ጋቢውም እንደገና ይለበሳል።