ኃይሌ ገሪማ፦ ከጎንደር እስከ ጆርጂያ አቬኑ

የፊልም ሠሪው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት «ጤዛ» ነው። ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱ ደግሞ በዋጋዱጉው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ዋናውን ሽልማት ወስዷል። ዘጋቢ ፊልሞቻቸው ግን የሚገባቸውን ያህል አልተወራላቸውም ባይ ነኝ።

የተወለዱት በ1946 ጎንደር ነው። አባታቸው ድራማ ጽፈው ከአገር አገር እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ልጅ ኃይሌም ቲያትርን እዚያው ቤታቸው ለመዱት። በ1967 ቲያትር ሊማሩ ቺካጎ ሄዱ። ከዚያ በሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ወደ ፊልም ዞሩ።

በ1974፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ አገር ቤት ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ቀረጻው የፈጀው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው፤ ሲያዩት ግን የእውነት ገበሬ ቤት የገቡ ይመስልዎታል። ጥቁርና ነጭ ነው፣ አማርኛ ይናገራል፣ ካሜራውም አይቸኩልም። ጭሰኛው ያርሳል፣ ባለርስቱ ይጮህበታል። የዚያን ዘመን ገጠር ለማያውቅ ወጣት መጀመሪያ የምጋብዘው ይህን ነው።

ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ለረጅም ዓመታት አስተማሩ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ዘጋቢ ፊልም መሥራታቸውን አላቆሙም። በ1979 በሰሜን ካሮላይና ስለታሰሩት አሥር የመብት ታጋዮች፣ በ1985 ስለ ገጣሚው ስተርሊንግ ብራውን ሠሩ።

ለእኛ የቀረበው የ1999ኙ «አድዋ» ነው። ስለ ጦርነቱ በጽሑፍ ብዙ ተብሏል። ኃይሌ ግን ሽማግሌዎችን ያስወራሉ፣ ዘፈኑን ያሰማሉ፣ የድሮ ሥዕሎችን ያስጠጉልናል። ድሉ ልክ እሳት ዳር እንደሚወራ ሆኖ ይደርሰናል። ታሪካችንን ሌላ ሰው እንዲተርክልን አንጠብቅ የሚለው አቋማቸው እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አቋሙ በሥራቸውም ታይቷል። በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልማቸው አከፋፋይ ሲያጣ ከባለቤታቸው ከሽሪኪያና አይና ጋር ሆነው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው ከከተማ ከተማ አሳዩት። ከገቢውም በጆርጂያ አቬኑ፣ ከሃዋርድ ፊት ለፊት፣ በዚሁ ስም መጻሕፍት ቤትና ካፌ ከፈቱ። ዲሲ የሚኖር ሐበሻ ቦታውን አያጣውም፦ መጽሐፍ ይገላበጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ፊልምም ይታያል።