ዶዶ ደደብ አልነበረም

ባዮሎጂ ሳስተምር ከምድር ስለጠፋው ወፍ ስለ ዶዶ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ድምፅ አይጠፋም፦ «ቲቸር፣ ደደብ ስለነበረ አይደል የጠፋው?» ባለፈው ፈተና አንድ ጎበዝ ተማሪዬ «ዶዶ ወፍራምና ሰነፍ ስለሆነ ጠፋ» ብሎ ጻፈ። ማርክ ቀነስኩበት። ከየት አመጣኸው ስለው አባቴ ነገረኝ አለ። እንግዲህ ይህ ለወላጆችም ጭምር ነው።

ቀላል ቀላሎቹን ልጨርስ። ዶዶ የሰጎን ዘመድ አይደለም፤ የርግብ ወገን ነው። የኖረውም ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ ሞሪሸስ ደሴት ላይ ብቻ ነው። ተረት ነው ለሚሉት ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ1865 ማር ኦ ሶንዥ ከሚባል ረግረግ አጥንቱ ተለቅሞ ወጥቷል።

ወደ «ደደብ» እንምጣ። ሆላንዳውያን መርከበኞች በ1598 ሞሪሸስ ሲደርሱ ወፉ አልሸሻቸውም። ከማን ይሽሽ? ከሌሊት ወፍ በቀር ደሴቷ የራሷ የሆነ ምድራዊ አጥቢ እንስሳ አልነበራትም። ድመት የለ፣ ቀበሮ የለ፣ ሰው የለ። አዳኝ በሌለበት አገር ድንጉጥ ወፍ ከደፋሩ የሚበልጥበት ነገር የለውም፤ በከንቱ ሲሮጥ ጉልበቱን ይጨርሳል። ክንፉ ያነሰውም ለዚሁ ነው። ለመብረር የሚያስፈልገው ትልቅ የደረት ጡንቻ ብዙ ምግብ ይፈልጋል፤ ምግቡን ከመሬት ለሚለቅም፣ አሳዳጅ ለሌለው ወፍ ዕዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች የራስ ቅሉን በሲቲ ስካን አይተው የአንጎሉን መጠን አወጡ። ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ከሌሎች ርግቦች አያንስም። የማሽተት ክፍሉ እንዲያውም ከርግቦቹ ይበልጣል። ርግብ የሚያረባ አንድ ተማሪዬ ለጓደኞቹ «የኔዎቹ ከእጄ ይበላሉ፤ ደደብ ናቸው ማለት ነው?» አላቸው። ከኔ በተሻለ አስረዳቸው።

ወፍራምነቱ ባብዛኛው የሥዕል ጣጣ ነው። ሠዓሊው ሩላንት ሳቬሪ በ1620ዎቹ የሳለው ድብልብል ዶዶ ሲገለበጥ ሲገለበጥ እኛ ዘንድ ደረሰ። በአጥንቱ ላይ የተመሠረቱ የቅርብ ጊዜ ግምቶች ከ10 እስከ 18 ኪሎ ያደርሱታል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ነው። ለዚያ ቁመት ይህ ዝርጥጥ ያለ ውፍረት አይደለም።

«ሰው በልቶ ጨረሰው» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። መርከበኞቹ በልተውታል፤ ግን ሥጋው ስላልጣማቸው «ዋልግፎግል»፣ የሚያስጠላ ወፍ ብለውታል። ሰፋሪዎቹም ቢበዛ ጥቂት መቶ ነበሩ። የከፋው ከመርከብ አብሯቸው የወረደው ነው፦ አይጥ፣ አሳማ፣ ጦጣ። ዶዶ ጎጆውን የሚሠራው መሬት ላይ ነበር፤ የዘመኑ ጽሑፍ እንደሚለው የሚጥለውም አንድ እንቁላል ነው። አሳማ አንዴ ካገኘው የዓመቱ ልፋት አለቀ። ብዙ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት የመጨረሻ እይታ በ1662 ነው፤ መርከቦቹ ከደረሱ በ64 ዓመት።

በሚቀጥለው ፈተና «እንቁላሉን አይጥና አሳማ በሉበት» ብሎ የጻፈልኝ ሙሉ ማርክ ያገኛል።