ብራኪፖዲየም ሲልቫቲከም፦ ስለ ጫካው ሣር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዛፍ ጥላ ሥር ሣር አይበቅልም።»
ብዙዎቻችን ሣር ሲባል የሚታየን ሜዳና ፀሐይ ነው። ብራኪፖዲየም ሲልቫቲከም ግን ከአውሮፓና ከሰሜን አፍሪካ ጀምሮ እስከ ጃፓን ድረስ በዛፎች ሥር የሚኖር፣ በየዓመቱ ከዚያው ሥሩ የሚያቆጠቁጥ ሣር ነው። ሌሎች ሣሮች ሲደርቁ እንኳ ቅጠሉ እስከ መኸር መጨረሻ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል።

«እንግዲያው ጥላ ከሌለ ይሞታል።»
አይሞትም። ጥላን ይችላል እንጂ ጥላ የግድ አያስፈልገውም። በጫካ ዳር፣ በመንገድ ጠርዝና ገላጣ ቦታ ላይም ይበቅላል፤ እንዲያውም ብርሃን ሲያገኝ ብዙ ዘር ይሰጣል።

«የጫካ ሣር ሁሉ አንድ ነው፤ አይለይም።»
ቀረብ ብሎ ላየው በደንብ ይለያል። ሲያብብ አንዱን አገዳ ያዙና ተመልከቱ፦ አንጓዎቹ ፀጉራም ናቸው፤ ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ ነው። የአበባ ዘለላዎቹ ቅርንጫፍ ሳያወጡ፣ በጣም አጭር በሆነ እግር ከዋናው ዘንግ ጋር ተያይዘዋል፤ የዘንጉ ጫፍም ጎንበስ ይላል። በዘለላው ጫፍ በኩል ያሉት ጢሞች (በገብስ ላይ እንደምናያቸው ያሉ ቀጫጭን ክሮች) ረዘም ያሉ ናቸው። ዘመዱ ብራኪፖዲየም ፒናተም ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጢሙም አጭር ነው። ከመሬት በታች በሚሄድ ግንድ ይስፋፋል። የእኛው ሲልቫቲከም ግን አንድ ቦታ ላይ ጭፍቅ ብሎ ያድጋል፤ ርቆ የሚሄደው በዘሩ ነው።

«እሱ ካለ ጫካው ጥንታዊ ነው።»
በብሪታንያ የቆየ ጫካ ምልክት ተደርጎ ይጠቀሳል። ሆኖም በአጥር ዳርና በቅርብ ጊዜ በበቀሉ ጫካዎችም ስለሚገኝ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

«የጫካ ተክል ስለሆነ የትም ቢወሰድ ጉዳት የለውም።»
ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ዩጂን ከተማ አቅራቢያ በ1939 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ ኦሪገን ጫካዎች ውስጥ መሬቱን በስፋት ሸፍኖ የአገሩን ዕፅዋት ያፈናቅላል። የዘረመል ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከአንድ በላይ ከሆኑ የአውሮፓ ምንጮች የገቡት የዚሁ ሣር ዓይነቶች እዚያው እርስ በርስ ተዳቅለዋል።

«ማጨድ ይበቃዋል።»
ዘር ሳይዝ ከታጨደ የዘሩ መጠን ይቀንሳል፤ ሥሩ ግን እንደገና ያቆጠቁጣል። ዘር ከያዘ በኋላ ማጨድ ደግሞ የባሰ ነው፤ ዘሩ በማሽኑ፣ በጫማና በልብስ ተጣብቆ ወደ አዲስ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ከተወረረ ቦታ ሲወጣ ማሽኑንና ጫማውን እዚያው ማጽዳት ያስፈልጋል።