ቶታል ፕሮቲን ኖርማል ሆኖ አልቡሚን ሲያንስ

በደም ምርመራ ወረቀት ላይ «ቶታል ፕሮቲን» የሚለውን ቁጥር ብዙ ሰው ምን ያህል ፕሮቲን እንደበላ የሚለካ ይመስለዋል። አይደለም። የሚለካው በደሙ ፈሳሽ ክፍል ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው፤ እሱም በዋናነት ጉበት የሚሠራው አልቡሚንና ሰውነት በሽታን የሚከላከልባቸውን ፕሮቲኖች የሚያካትተው ግሎቡሊን ነው። ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8.3 ግራም በዴሲሊትር ጤናማ ይባላል። ላቦራቶሪዎች ትንሽ ስለሚለያዩ ከውጤቱ ጎን የታተመውን መጠን ማየት ይሻላል።

እኔ ግን ከድምሩ ይልቅ ዝርዝሩን እዩ እላለሁ። ቶታሉ 7.4፣ አልቡሚኑ 2.9 የሆነ ሰው እንውሰድ። ድምሩ ምንም እንከን የለበትም። ሲቀነስ ግን ግሎቡሊኑ 4.5 ይወጣል፤ አልቡሚኑ ወርዷል፣ ግሎቡሊኑ ጨምሯል፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሸፍኖታል። እንዲህ ያለ ውጤት ለምሳሌ በቆየ የጉበት ሕመም ይታያል፤ «ኖርማል ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

አልቡሚን ሲያንስ ኩላሊት በሽንት እያፈሰሰው ሊሆን ስለሚችል የሽንት ምርመራም ይታዘዛል። እግር ወይም የዓይን ዙሪያ የሚያብጥ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር ነው። በእርግዝና ወቅት የደሙ ፈሳሽ ስለሚበዛ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው።

ከፍ ያለ ቶታል አንዳንዴ ከተቅማጥ ወይም ከትውከት በኋላ ሰውነት ውኃ ስላነሰው ብቻ ይመጣል። ግሎቡሊኑ በጣም ከፍ ካለ ግን ሐኪሙ የትኛው ዓይነት እንደበዛ የሚለየውን የፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ ምርመራ ሊያዝ ይችላል።