«ገብረ» ብቻውን ለምን ስም አይሆንም?

ውጭ አገር ቅጽ ሲሞላ ገብረ ማርያም ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ ሰውዬው «ማርያም» ተብሎ ይጠራል! ያሳዝናል፤ ስሙ እኮ አንድ ነው።

«ገብር» በግዕዝ አገልጋይ ማለት ነው። መጨረሻው «ረ» ሲሆን ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይያያዛል፤ ገብረ ማርያም «የማርያም አገልጋይ» ይሆናል። «ገብረ» ብሎ ማቆም የማን አገልጋይ እንደሆነ ሳይናገሩ መቅረት ነው።

ስሙ ጥንታዊ ነው። የአፄ ካሌብ ልጅ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የነገሠው ገብረ መስቀል ተብሎ ነው። የቅዱስ ላሊበላም ስመ መንግሥት ይኸው ነበር። በየቤቱ ያዳረሰው ግን ጥምቀት ይመስለኛል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ገብረ፣ ወልደ ወይም ኃይለ እየተባለ ስም ይወጣለታል። ለሴት ልጅ «ወለተ» አለ።

ሰፈር ውስጥ «ገብሬ» ማለት ግን ችግር የለውም፤ ቁልምጫ ነው።