ሎጎን ትሪገር ምንድን ነው? ባለቤቱን ውጭ የሚያሳድር ዘበኛ

ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር ተቀምጠን የአሳ ጥብስ አዘናል። ስልኬ ጠራ። «የማታ ተረኞች ዳታቤዙ ውስጥ መግባት አልቻሉም» አለኝ የሥራ ባልደረባዬ። እኔም በላፕቶፔ ሞከርኩ። እምቢ አለ። ስህተት ቁጥር 17892፤ በትሪገር ምክንያት መግባት አልተቻለም። ትሪገሩን ጠዋት የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ትሪገር ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ነገር ሲከሰት በራሱ የሚሠራ አጭር ኮድ ነው። ሎጎን ትሪገር የሚሠራው ሰው ሲገባ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል መሆኑ ከታየ በኋላ። ኮዱ አይሆንም ካለ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ኤስኪውኤል ሰርቨርና ኦራክል በሚባሉት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ላይ የቆየ ነገር ነው። ሌላው የዳታቤዝ ፕሮግራም ፖስትግሬስ ግን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 17ኛው ቅጂ ነው።

ያጓጓል፤ አልዋሽም። «ከሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር ውጭ ማንም አይግባ» የሚለውን በአምስት መስመር ትጨርሰዋለህ። ግን እንዲህ ያለው ኮድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የኮምፒውተሩን ወይም የፕሮግራሙን ስም ነው። ሁለቱንም የሚናገረው የሚገባው ሰው ራሱ ነው። ኮኔክሽን ስትሪንጉ ላይ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለመገናኘት የሚልከው የመግቢያ መረጃ ላይ፣ ደስ ያለውን ስም ቢጽፍ ይታመናል። ዘበኛው «ማን ነህ?» ብሎ ጠይቆ መታወቂያ ሳያይ እንደሚያሳልፈው ማለት ነው።

እውነተኛውን ሰው ግን ይቆልፍበታል። እኔ እያንዳንዱ ገቢ አንድ ሠንጠረዥ ላይ እንዲመዘገብ ብዬ የሠንጠረዡን ስም በአንድ ፊደል ስቼ ጻፍኩ። የእኛ ዳታቤዝ ያለበት ኤስኪውኤል ሰርቨር ትሪገሩ ሲፈጠር ምንም አላለም። የሚጮኸው ሰው ሊገባ ሲል ነው። ጠዋት የገቡት ሥራቸውን ስለቀጠሉ ቀኑን ሙሉ ማንም አልነቃም። ትሪገሩ ደግሞ አለቃ ጭፍራ አይለይም፤ የአስተዳዳሪውንም አካውንት ይመልሳል።

ለእንዲህ ያለው ጊዜ አንድ የተጠበቀ የአስተዳዳሪ መግቢያ አለ፤ እዚያ ትሪገሩ አይሠራም። ካልቀየርከው በቀር ግን የሚከፈተው ከሰርቨሩ ማሽን ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ባጃጅ ይዤ ቢሮ ገባሁ። ከሰርቨሩ ስም ፊት «አድሚን» እና ሁለት ነጥብ ጻፍኩ፣ ገባሁ፣ ትሪገሩን አጠፋሁ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ መንገዱና የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ፍለጋው ነው የፈጀኝ።

ኦራክል ላይ የዳታቤዝ ትሪገር የማስተዳደር ሥልጣን ያለው ሰው ትሪገሩ ቢሳሳትም ያልፋል። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ «ኢኒት ኮኔክት» የሚባለው ተመሳሳይ ነገር ትልቅ ሥልጣን ያላቸውን ጭራሽ አይነካም። ከመቆለፍ ያድናል፤ ግን ይበልጥ ሊጠበቅ የሚገባው ይኸው ሰው አይደል?

አሁን ማን ከየት ይግባ የሚለውን ለፋየርዎል (የኔትወርኩን በር ለሚጠብቀው)፣ ማን ምን ይይ የሚለውን ለአካውንቱ ፈቃድ ትቼዋለሁ። ትሪገር መጻፍ ግድ ሲሆንብኝ ደግሞ አስቀድሜ የገባሁበትን አንድ መስኮት አልዘጋም፤ በሌላ ተራ አካውንት ገብቼ እስክሞክረው ድረስ።