ትርፍ ምክንያት ምንድን ነው? የትርፍ ጊዜ ፍቅር ማርክ ሲያዝበት

ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ጥሎ ክራሩን የሚያነሣ ልጅ አለ እንበል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አያርመውም። አንድ ቀን መምህሩ ይሰማውና ደስ ብሎት፣ «እንግዲያው ፕሮጀክትህ ይሄ ይሁን፤ ትዝታ ቅኝት፣ 3 ደቂቃ፣ ከ20 ይያዛል» ይለዋል። ሐሳቡ ቅን ነው። ከወር በኋላ ክራሩ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ከቀረ ግን «ልጁ ሰነፈ» ለማለት አይቸኮልም። የሥነ ልቦና ሰዎች ኦቨርጀስቲፊኬሽን የሚሉት፣ እኛ ትርፍ ምክንያት ልንለው የምንችለው ነገር ደርሶበት ሊሆን ይችላል።

ሰው አንድን ነገር ለምን እንደሚያደርግ ለራሱም ይተረጉማል። ልጁ ክራር የሚመታው ደስ ስለሚለው ብቻ ሳለ ምክንያቱ አንድ ነው። ማርክ ሲመጣ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ትርፍ ነው። ትርፉ ደግሞ በቁጥር የተጻፈ፣ ቀን የተቆረጠለት፣ እናትና አባትም የሚጠይቁት ስለሆነ ዋናውን ይጋርደዋል። ማርኩ የተያዘ ዕለት ትርፉ ያልቃል፤ ዋናው ግን ወደ ቦታው ላይመለስ ይችላል።

ይህን በግልጽ ያሳየው ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት በባለ ቀለም ማርከር መሳል የሚወዱ 51 ልጆች ተመረጡ፤ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት። ለአንዱ ቡድን «ከሳላችሁ የወርቅ ኮከብና ሪባን ያለው ሰርተፊኬት ታገኛላችሁ» ተባለ። ሁለተኛው ምንም ሳይነገረው ሥሎ ሲጨርስ ያንኑ ሰርተፊኬት አገኘ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ማርከሮቹ እንደገና ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ ልጆቹ እንደ ፈቀዳቸው ሲጫወቱም ጊዜያቸው ተለካ። ቃል የተገባላቸው ለመሳል ያዋሉት 9 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ ምንም ያላገኙት 17፣ በድንገት የተሸለሙት ደግሞ 18 በመቶ ያህሉን ነበር። ሰርተፊኬቱ ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው አስቀድሞ መነገሩ፣ ማለትም ውል መሆኑ ነው።

ጉዳቱ ግን ጊዜ በመቀነስ ብቻ አይቆምም። ሱዛን ሃርተር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ጥናት ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊደላቸው የተዘበራረቀ ቃላት ሰጥታ አስተካክሉ አለቻቸው። ለገሚሱ ጨዋታ ነው ተባለ፤ ለገሚሱ ማርክ እንደሚያዝበት ተነገረ። ማርክ የተባለላቸው ቀላል ቀላሉን መረጡ፤ ሲሳካላቸውም ፈገግታቸው አነሰ። (ፈገግታውም በጥናቱ ተለክቷል።) ባለ ክራሩም እንዲሁ ነው። ድሮ ከባቲ ወደ አምባሰል እየዘለለ ሲሳሳት የሚያመሽ ልጅ፣ አሁን የማይሳሳትባትን 3 ደቂቃ ብቻ ይደጋግማል። ስህተት ማርክ በሚያስቀንስበት ቦታ የሚያዋጣው ይኸው ነው፤ ሞኝ ካልሆነ ሌላ ምን ያድርግ?

ንባብም ከዚህ አያመልጥም። «በየቀኑ 20 ደቂቃ አንብብ፣ ገጹን መዝግብ፣ ወላጅ አስፈርም» የሚለውን ትእዛዝ እንውሰድ። መጽሐፍ ይዞ እራት የሚረሳው ልጅ አሁን ዓይኑ ሰዓት ላይ ነው፤ 20 ሲሞላ ታሪኩ ጡዘት ላይ ቢሆንም ይዘጋዋል። ቢያንስ ተብሎ የተቀመጠው ቁጥር ጣሪያ ሆነ። ፊርማውም «አላምንህም» የሚል ቃና አለው። ለማያነብ ልጅ የታሰበ መቆጣጠሪያ ለሚያነበው ታደለ ማለት ነው።

ይህን ይዞ ሽልማት ሁሉ መርዝ ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ትርፍ ምክንያት የሚያቀዘቅዘው ቀድሞ ፍቅር የነበረበትን ነገር ነው፤ የማባዣ ሠንጠረዥ ለሚያንገሸግሸው ልጅ ከረሜላ የሚያጠፋበት ፍቅር የለም። ጉዳቱ ምን ያህል ሰፊ ነው በሚለው ላይ ተመራማሪዎቹም ተከራክረዋል። ጁዲ ካሜሮንና ዴቪድ ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1994 ጠባብ ነው ሲሉ፣ ኤድዋርድ ዴሲና ባልደረቦቹ በ1999 የ128 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ መዝነው ቃል የተገባ ተጨባጭ ሽልማት ውስጣዊ ተነሳሽነትን እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

የልጅን ፍቅር ክፍል ውስጥ ማስገባት ካስፈለገ፣ ቀዳሚው ጥያቄ ማርኩ ከምኑ ላይ ይያዛል የሚለው ነው። ከክራር አመታቱ ላይ መሆን የለበትም፤ ከጎኑ ካለው ሥራ ላይ ቢሆን ይሻላል። ስለ 4ቱ ቅኝቶች አንድ ገጽ ማብራሪያ፣ ወይም ክሩ ሲጠብቅ ድምፁ ለምን እንደሚቀጥን ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ማስረዳት ይበቃል። የሚመታውን ዜማ፣ ርዝመቱን፣ ሰው ፊት ማቅረቡን ልጁ ይወስን፤ «ይሄን ለቤቴ ልተወው» ቢል ሌላ ርዕስ ይሰጠው፣ ማርክም አይቀነስበት።

እርማቱ ላይ ደግሞ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው የእስራኤል ጥናት ይረዳል። አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ተማሪዎች፣ ጎበዙም ደካማውም፣ ፍላጎታቸው ሳይቀዘቅዝ ቆየ። ከአስተያየቱ ጎን ማርክ ሲቀመጥ ግን ጥቅሙ በአብዛኛው ጠፋ፤ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ ነውና። ስለዚህ «ሁለተኛው ክር ረግቧል፣ መሃል ላይም ቸኩለሃል» የሚለው ማስታወሻ አጠገቡ 14/20 ሳይኖር ቢሄድ ይሻላል።

ፍቅሩ ቀድሞ ከቀዘቀዘስ? ትልቅ ሽልማት ጨምሮ ለመቀስቀስ መሞከር ሌላ ትርፍ ምክንያት መደረብ ነው። ክራሩን ከግድግዳው አውርዶ፣ ክሩን ቃኝቶ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል። «ዛሬስ ተለማመድክ?» የሚለው ጥያቄም ለጊዜው ይቅር።